የእንግሊዝ ገጠር ግድያ፦ ለማን የትኛው ታሪክ ይሆናል?

ሼርሎክ ሆልምስ በ1892 በወጣች አንዲት አጭር ታሪክ ውስጥ ከዶክተር ዋትሰን ጋር በባቡር ወደ ዊንቸስተር ይጓዛል። ዋትሰን በመስኮት የሚያየው አረንጓዴ መስክና በዛፍ መሀል ብቅ ጥልቅ የሚሉት የገበሬ ቤቶች ልቡን ወስደውታል። ሆልምስን ግን ያስፈሩታል። ከተማ ውስጥ የሚደበደብ ሕፃን ቢጮኽ ጎረቤት ይሰማል፣ ፖሊስም ሩቅ አይደለም ይላል። በማሳ የተከበበ ብቸኛ ቤት ውስጥ ዓመት ከዓመት ግፍ ቢሠራ ግን ማን ያውቃል?

የእንግሊዝ የወንጀል ልብ ወለድ ይህችን ሐሳብ እስከ ዛሬ አልለቀቃትም። ቤተ ክርስቲያን፣ መጠጥ ቤት፣ ፖስታ ቤት፣ ሁሉም ሰው የሚተዋወቅበት ጸጥ ያለ መንደር፤ ከዚያ አስከሬን። መጽሐፉም ድራማውም ከመብዛቱ የተነሳ ጀማሪ ግራ ይገባዋል። ሽፋን አይቶ መምረጥም አይቻልም። ሁሉም ላይ ያው ጭጋግ፣ ያው የደወል ማማ፣ ያው መብራት የበራበት አንድ መስኮት ነው።

እኔ "የቱን ልጀምር?" የሚለኝን ሰው መልሼ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ስትጨርሰው እፎይ ማለት ነው የምትፈልገው ወይስ መብራት ሳታጠፋ መተኛት? ከእነዚህ ታሪኮች ግማሾቹ የሚያጽናኑ ናቸው። ገዳዩ ይያዛል፣ ሻይ ይቀዳል፣ መንደሩ ወደ ጥንቱ ይመለሳል። ግማሾቹ መንደሩን እንዳፈረሱት ጥለውት ይሄዳሉ። ሰው የሚናደደው አንዱን ፈልጎ ሌላውን ሲገዛ ነው።

ገዳዮቹን አላወጣባችሁም። አንዷን ብቻ እነግራችኋለሁ። እሷንም ደራሲዋ ራሷ በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ስለነገረችን ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

እፎይታ ለሚፈልግ

አጋታ ክሪስቲ ናት፤ ክርክር የለውም። ከክሪስቲ የትኛው ሲባል ግን ብዙ ሰው የሚጠቁመው «ዘ መርደር አት ዘ ቪካሬጅ»ን ነው። በ1930 የወጣ ነው። ሚስ ማርፕል የሚባሉት አሮጊት በረዥም ልብ ወለድ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቅ ያሉት እዚህ ነው። ታሪኩን የሚነግሩን የሴንት ሜሪ ሚድ መንደር ቄስ ናቸው። ኮሎኔል ፕሮዘሮ የሚባል ማንም የማይወደው ሰው በቄሱ የጽሕፈት ክፍል ውስጥ በጥይት ተመትቶ ይገኛል። ቄሱ ደግሞ ቀደም ሲል፣ ይህን ሰው የገደለ ለዓለም ውለታ ዋለ የሚል ነገር ምግብ ላይ አምልጧቸው ነበር። ያስቃል። ግን የሰው ስም ይበዛበታል፣ መሀሉም ይንቀረፈፋል።

እኔ የምመርጠው በ1950 የወጣውን «ኤ መርደር ኢዝ አናውንስድ»ን ነው። አንድ ዓርብ ጠዋት የቺፒንግ ክሌግሆርን ነዋሪዎች የአካባቢያቸውን ጋዜጣ ይገልጣሉ። ከተራ ማስታወቂያዎች መሀል አንዱ ዛሬ ከምሽቱ በ12 ሰዓት ተኩል እገሊት ቤት ግድያ ይፈጸማል፣ ወዳጆች እንዲገኙልን ይላል። ሰዉ የጨዋታ ግብዣ መስሎት ለባብሶ ይመጣል። ሰዓቱ ሲደርስ መብራቱ ይጠፋል።

መጽሐፉን ከሌሎቹ የሚለየው ይህ ብልሃት ብቻ አይደለም። ጊዜው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግስት ነው። ስኳርና ቅቤ በራሽን ነው። ሁሉም ሰው ከጦርነቱ የተረፈ መታወቂያ ይዟል፤ መታወቂያው ግን ፎቶ የለውም። ድሮ አዲስ ሰው መንደር ሲገባ፣ የሚያውቀው ሰው የጻፈለት ደብዳቤ ይቀድመው ነበር። አሁን ሰው ይመጣል፣ ቤት ይከራያል፣ እገሌ ነኝ ይላል፣ ይታመናል። ሚስ ማርፕል ይህን ሲናገሩ ያ ሁሉ የሻይ ግብዣ መልኩ ይለወጥባችኋል። ክሪስቲ እንዲህ የምትበርድባቸው ገጾች ብዙ አይደሉም።

ሚስ ማርፕል የሚመረምሩት ሐሜት በማዳመጥ ነው። ቡና ላይ የሚወራውን ሁሉ እየሰሙ ዝም የሚሉ፣ ግን አንዲት ነገር የማትጠፋቸው የሰፈር እናት አድርጋችሁ አስቧቸው። የክሪስቲ እንግሊዝኛም አያስቸግርም። ዓረፍተ ነገሯ አጭር ነው፣ ግማሹ ንግግር ነው። ለቋንቋ ልምምድ መጽሐፍ የሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ አያገኝም።

ክሪስቲን ከወደዳችኋት ሦስተኛው «ዘ መርደር ኦቭ ሮጀር አክሮይድ» ይሁን፤ የ1926 ነው። ስለ እሱ ማንም ምንም እንዲነግራችሁ አትፍቀዱ። ኢንተርኔት ላይም አትፈልጉት። ዝም ብላችሁ ክፈቱት።

ብርድ ለሚፈልግ

ሩት ሬንደል፣ «ኤ ጀጅመንት ኢን ስቶን»፣ 1977። ከዚህ ሁሉ ዝርዝር አንድ ብቻ ምረጥ ብትሉኝ እሱን ነው።

የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ገዳይዋን፣ ሟቾቹንም ምክንያቱንም ይነግራችኋል። ዩኒስ ፓርችማን የምትባል ሴት የኮቨርዴልን ቤተሰብ የገደለችው ማንበብና መጻፍ ስለማትችል ነው። ትንሽ ዝቅ ብሎ ቀኑ አለ፤ የቫለንታይን ቀን፣ እሑድ ማታ። አራት ሰዎች በ15 ደቂቃ ውስጥ፣ ቴሌቪዥን ላይ ኦፔራ እያዩ። ሁሉም ነገር ተነገረ። ታዲያ ቀሪው መጽሐፍ ምን ሊያደርግ ነው?

ቀሪው መጽሐፍ እንድታዩ ያደርጋችኋል። ዩኒስ በሐሰተኛ የምስክር ወረቀት የቤት ሠራተኛ ሆና ትቀጠራለች። ሥራዋ እንከን የለውም። ቤቱ ያብረቀርቃል። አሠሪዎቿ ክፉ ሰዎች አይደሉም፤ እንደውም ደግ ነን ብለው የሚያስቡ ዓይነት ናቸው። ጠረጴዛ ላይ ማስታወሻ ይተዉላታል፣ የሚገዛ ነገር ጽፈው ይሰጧታል። እያንዳንዷ ቁራጭ ወረቀት ለእሷ ወጥመድ ናት። አንባቢው ይህን ያውቃል፣ ቤተሰቡ አያውቅም። አንዲት ደግ ቃል በተነገረች ቁጥር ቀኑ እየቀረበ እንደሆነ ይሰማችኋል። ከዚያ ዩኒስ የመንደሩን ሱቅና ፖስታ ቤት ከምትይዘው ጆአን ስሚዝ ጋር ትገጥማለች። ጆአን የሃይማኖት ነገር አናቷ ላይ የወጣ፣ የሰው ደብዳቤ የምትበረብር ሴት ናት። ለየብቻ ቢሆኑ ምናልባት ምንም ባልተፈጠረ።

የእኛ አገር አንባቢ ይህን መጽሐፍ ሲያነብ አንድ ቦታ ላይ መቆሙ አይቀርም። እኛ ጋ ደብዳቤ ይዞ "እስኪ ልጄ አንብቢልኝ" ማለት ነውር አይደለም። ሳያነቡ ቤት ያቆሙ፣ ልጅ ያስተማሩ፣ ዳኝነት የተቀመጡ ሽማግሌዎች አሉን። ሬንደል ግን ማንበብ አለመቻልን ሰውን ከሰውነት የሚያጎድል ነገር አድርጋ ነው የምትጽፈው። እዚህ ላይ አልስማማም። ያም ሆኖ ታሪኩ የሚሠራው በዚያው ምክንያት ነው። ሁሉም ሰው ያነባል ተብሎ በሚታሰብበት አገር አለማንበብ እስከ ግድያ የሚያደርስ ምስጢር ይሆናል። ዩኒስ አንድ ጊዜ ብቻ "አንብቡልኝ" ማለት ብትችል ኖሮ መጽሐፉ አይኖርም ነበር።

አጭር ነው፤ አንድ ቅዳሜና እሑድ ይበቃዋል። ፈረንሳዊው ክሎድ ሻብሮል በ1995 ታሪኩን ወደ ፈረንሳይ ገጠር ወስዶ ፊልም ሠርቶታል፤ ርዕሱ «ላ ሴሬሞኒ» ነው። ፊልሙ ግሩም ነው፣ ግን መጽሐፉን አስቀድሙ።

ሁለት የጠፉ ልጆች

አሁን ምርጫው ወደሚከብድበት ደረስን። ሁለት መጽሐፎች አሉ። ሁለቱም ፒክ ዲስትሪክት በሚባለው የመካከለኛው እንግሊዝ ተራራማ አካባቢ ናቸው። በሁለቱም አንዲት የ13 ዓመት ልጅ በፈረንጆቹ ብርዳማ ወራት ትጠፋለች። ከዚያ በኋላ የሚያገናኛቸው ምንም የለም።

የቫል ማክደርሚድ «ኤ ፕሌስ ኦቭ ኤክሲኪዩሽን» በ1999 የወጣ ነው። ታኅሣሥ 1963። አሊሰን ካርተር ውሻዋን ይዛ ከቤት ትወጣለች፣ አትመለስም። መንደሩ ስካርዴል ይባላል፤ በገደል የተከበበ፣ ጥቂት ቤተሰብ እርስ በርሱ ተጋብቶ የሚኖርበት ጎድጓዳ ቦታ ነው። ጆርጅ ቤኔት የሚባል ወጣት መርማሪ ከውጭ ይመጣል። ሰዉ ይመልስለታል፣ ግን አይነግረውም።

ማክደርሚድ ዘመኑን የመረጠችው በምክንያት ነው። በዚያው ዓመት ከዚያ ሩቅ ባልሆነው ማንቸስተር ልጆች መጥፋት ጀምረው ነበር። ገዳዮቹ ኢያን ብሬዲና ማይራ ሂንድሊ የተያዙት በ1965 ነው፤ እስከዚያ ማን ልጆቹን እንደወሰዳቸው የሚያውቅ አልነበረም። ሌላው ነገር ስቅላት ነው። እንግሊዝ ውስጥ የመጨረሻዎቹ ሁለት ሰዎች የተሰቀሉት ነሐሴ 1964 ነው። የሞት ቅጣት የታገደው በ1965፣ ለግድያ ወንጀል ጨርሶ የቀረው ደግሞ በ1969 ነው። ስለዚህ በዚህ መጽሐፍ ውስጥ የፖሊሱ ሥራ ገመድ ያለበት ሥራ ነው። የመጽሐፉ ርዕስም ዳኛ ሞት ሲፈርድ ከሚያነበው ቃል የተወሰደ ነው።

ሁለተኛው ክፍል ከሠላሳ ዓመት በላይ ይዘላል። አንዲት ጋዜጠኛ ስለ ጉዳዩ መጽሐፍ ትጽፋለች፣ ቤኔትም በደስታ ይተባበራታል። ከዚያ አንድ ቀን ድንገት ሥራውን አቁሚ ይላታል። ምክንያቱን አይናገርም። ከዚህ በላይ እኔም አልናገርም። መጀመሪያው ረጋ ያለ ነው፤ የፍለጋው ዝርዝር፣ የፍርድ ቤቱ ክርክር፣ ብርዱ። ታገሡት። በልጅ ላይ የተፈጸመ ጥቃት እንዳለበት ግን አስቀድማችሁ እወቁ። ለዚህ ልብ የሌለው ሰው ቢያልፈው አይፈረድበትም።

የጆን ማክግሬገር «ሬዘርቭዋር 13» የ2017 ነው። በዚያው ዓመት የኮስታን የልብ ወለድ ሽልማት ወስዷል። ሬቤካ ሾው ከወላጆቿ ጋር ለፈረንጅ አዲስ ዓመት እረፍት መጥታ ኮረብታው ላይ ትጠፋለች። ሰዉ ተሰልፎ ይፈልጋታል። ሄሊኮፕተር ይመጣል። ከዚያ በጉ ይወልዳል፣ ቀበሮዋ ትወልዳለች፣ የክሪኬት ቡድኑ ይሸነፋል፣ ሰው ይፋታል፣ ሰው ይጋባል። 13 ምዕራፍ አለው። አንድ ምዕራፍ አንድ ዓመት ነው። ልጅቷ በየመሀሉ ትነሳለች፤ አንድ ሰው በሕልሙ ያያታል፣ አንዱ ስለሷ ይጠይቃል፣ ሥራው ይቀጥላል።

መርማሪ የለም። ንግግሩ ትእምርተ ጥቅስ እንኳ የለውም፣ ከአረፍተ ነገሩ ጋር ይፈስሳል። እንግሊዝኛው ቀላል ይመስላል፣ ግን ማን ማን እንደሆነ ለመያዝ ትኩረት ይጠይቃል። ስሞቹን ወረቀት ላይ እየጻፉ ማንበብ ያግዛል። መጽሐፍ ሲያልቅ "ገዳዩ እገሌ ነው" መባል የግድ ለሚላችሁ ይህ የእናንተ አይደለም። እኔ ግን ከሁሉም በላይ የሚያስፈራው እሱ ይመስለኛል። እዚህ የሚያስፈራው ቢላዋ ወይም ደም ስላለ አይደለም፤ ያ ሁሉ ሰው ቀስ በቀስ ሲረሳት አብራችሁ መርሳታችሁ ነው። ገጽ ስታገላብጡ ለካ ስለ ልጅቷ ካሰባችሁ ቆይታችኋል።

በአጭሩ፣ መልስ የሚፈልግ ማክደርሚድን፣ ጥያቄውን ይዞ መኖር የሚችል ማክግሬገርን ይውሰድ። ሁለቱንም ማንበብ ለሚፈልግ ማክደርሚድ ትቅደም።

ለማየት ከሆነ

«ሚድሶመር መርደርስ» ከ1997 ጀምሮ ያለ ነው። ከ130 ክፍል በላይ ሆኗል፤ አንዱ ክፍል ከፊልም አያንስም። እስከ 2011 ዋናው መርማሪ ጆን ኔትልስ ነበር፣ ከዚያ ኒል ደጀን ተተካ። መንደሮቹ ያምራሉ፣ ሰዉ እንደ ቅጠል ይረግፋል፣ ማንም አያዝንም። አንዷ ሟች የሞተችው በግዙፍ ክብ አይብ ተደፍጥጣ ነው። እሑድ ከሰዓት ሶፋ ላይ ተጋድሞ ለማየት ይሆናል። ለማስፈራት አይሆንም። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። በ2011 ከአዘጋጆቹ አንዱ፣ ድራማው ውስጥ ነጭ ያልሆነ ሰው የሌለው ሆን ተብሎ ነው፣ ተወዳጅ ያደረገውም ይኸው ነው የሚል ቃለ መጠይቅ ሰጥቶ ትልቅ ጭቅጭቅ ተነስቶ ነበር፤ ከሥራም ታገደ። ከዚያ ወዲህ የተዋንያኑ ምርጫ ተለውጧል። የድሮዎቹን ክፍሎች ስታዩ ለምን እንደዚያ እንደሆኑ ይገባችኋል።

«ብሮድቸርች» ሌላ ነገር ነው። ቦታው መንደር ሳይሆን የባሕር ዳር ትንሽ ከተማ ነው፣ የመንደር ጠባይ ግን አልጎደለውም። በ2013 ጀመረ፣ በሦስት ሲዝን በ2017 አለቀ። የ11 ዓመቱ ዳኒ ላቲመር አስከሬን ከገደሉ ሥር ባሕሩ ዳርቻ ላይ ይገኛል። ኦሊቪያ ኮልማን የምትጫወታት ኤሊ ሚለር የከተማዋ ተወላጅ ፖሊስ ናት። የጠበቀችውን ሹመት ከውጭ የመጣው አሌክ ሃርዲ ወስዶባታል፤ እሱን ዴቪድ ቴናንት ነው የሚጫወተው። ልጇ የሟቹ ጓደኛ ነበር። ከሟቹ ቤተሰብ ጋርም ወዳጅ ነች። ማንን ትጠርጥር? ሃርዲ ሁሉንም ይጠረጥራል፣ እሷ ማንንም መጠርጠር አትችልም። ድራማው ያለው በዚህች መሀል ነው።

አብዛኞቹ ተዋንያን ቀረጻው ሊያልቅ እስኪል ድረስ ገዳዩ ማን እንደሆነ አልተነገራቸውም ነበር። ፊታቸው ላይ ያለው ጥርጣሬ ለዚህ ይሆናል እውነት የሚመስለው። የመጀመሪያው ሲዝን 8 ክፍል ነው፣ በራሱ ሙሉ ነው። ሁለተኛው ሲዝን ወደ ፍርድ ቤት ይገባል፤ ለእኔ ይወርዳል። ሦስተኛው አዲስ ጉዳይ ይዞ ይነሳል፤ የአስገድዶ መድፈር ወንጀል ነው፣ በጥንቃቄ የተሠራ ነው። ጊዜ ከሌላችሁ ከመጀመሪያው በኋላ ማቆም ይቻላል።

ሚስ ማርፕልን በቴሌቪዥን ለማየት ለሚፈልግ ደግሞ ብዙ ተዋናይ አለ፣ ምርጫው ግን ጆአን ሂክሰን ናት። ቢቢሲ ከ1984 እስከ 1992 አሥራ ሁለቱንም ልብ ወለዶች ከእሷ ጋር ሠርቷል። የሴንት ሜሪ ሚድ ሆኖ የተቀረጸው ሃምፕሸር ውስጥ ያለ ኔዘር ዋሎፕ የሚባል መንደር ነው። ዝግ ያለ ነው፤ የዛሬ ፍጥነት የለመደ ሰው ሊያንቀላፋ ይችላል። ኋላ የመጡት ቅጂዎች ፈጠን ይላሉ፣ ታሪኩን ግን እንደፈለጉ ይለዋውጡታል።

«ሃፒ ቫሊ»ን ብዙ ሰው ከእነዚህ ጋር ይደምረዋል። በጣም ግሩም ድራማ ነው፣ ግን ጸጥ ያለ መንደር የሚለውን እርሱት። አደንዛዥ ዕፅ፣ እገታና አንዲት የደከማት ሳጅን ናቸው ያሉት። ስቀው እንዲጨርሱት ለሚፈልጉ ደግሞ የ2007ቱ «ሆት ፈዝ» አለ። የዚህን ዘውግ ነገር ሁሉ እያሾፈ የሚደግም ኮሜዲ ነው፤ ስለዚህ ሁለት ሦስቱን ካወቃችሁ በኋላ ብታዩት የበለጠ ይጥማል። አንቶኒ ሆሮዊትዝ በ2016 ያወጣው «ማግፓይ መርደርስ»ም እንዲሁ ነው። አንዲት አርታኢ የመንደር ግድያ ልብ ወለድ ረቂቅ ይደርሳታል፣ ስታነበው መጨረሻው የለም። ክሪስቲን ሳያነቡ እዚህ መግባት ግማሹን ደስታ ያስቀራል።

ከየት ይገኛል?

አዲስ አበባ ላይ አሮጌ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ከሚሸጡ ልጆች ዘንድ ክሪስቲ ብዙ ጊዜ አትጠፋም፤ ሬንደልም አልፎ አልፎ ትገኛለች። ስትገዙ የመጨረሻዎቹን ገጾች ቁጠሩ። የወንጀል ልብ ወለድ መጨረሻው ተቀዶ ሲገኝ ከሌላው መጽሐፍ ሁሉ የከፋ ነው። ማክግሬገርና ማክደርሚድን እንደዚያ ማግኘት ይከብዳል፣ ከውጭ የሚመጣ ሰው ማስያዝ ነው የሚሻለው።

እንግሊዝ ያላችሁ የሰፈራችሁ ቤተ መጻሕፍት ካርድ በነጻ ይሰጣችኋል። በዚያው ካርድ በስልክ መጽሐፍና ትረካ መዋስ ይቻላል። አሜሪካ ላላችሁ ደግሞ «ሮጀር አክሮይድ» የቅጂ መብቱ ጊዜ ስላለፈ ፕሮጀክት ጉተንበርግ በሚባለው ድረ ገጽ ላይ በነጻ ይወርዳል። «ኤ መርደር ኢዝ አናውንስድ» ግን ገና ነው። በየቴሌግራሙ የሚዞረው ፒዲኤፍ ብዙ ጊዜ ገጽ የጎደለው ወይም በሌላ ሰው ያጠረ ነው። ለእነዚህ መጽሐፎች ደግሞ የጎደለችው ገጽ ፍንጩ ያለባት ገጽ ልትሆን ትችላለች።